እትዬ ብርነሽ ያልደፉት ቀለም

ወሬው ቀድሞ የደረሳችሁ ትኖራላችሁ፤ ጉለሌ ላይ መርዶ እግር አለው። ላልሰማችሁ ግን ይኸው፦ የሸክላ ሥራ ባለሙያዋና የብዙዎቻችን መምህርት እትዬ ብርነሽ ሀብቴ፣ ለጥቂት ሳምንታት በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ወር አንድ ማለዳ ወደ ጌታቸው ሄደዋል። ቀብራቸውም በዚያው በጉለሌ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን፣ የእድር ወዳጆቻቸውና ተማሪዎቻቸው በተገኙበት ተፈጽሟል። በዕለቱ ዝናብ ስለነበር የሕይወት ታሪካቸው በአጭሩ ተነበበ። «ደግ፣ ትሑትና ሰው አክባሪ ነበሩ» ተባለ። ልክ ነው፤ ነበሩ። ግን እንዲህማ ሁላችንም ስንሞት ይባልልናል። እኔ የማውቃቸው እትዬ ብርነሽ በዚያ ንባብ ውስጥ ስላልነበሩ ይህን ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

ስሜ ሰናይት ይባላል። መጀመሪያ ተማሪያቸው፣ ኋላም የሥራ ባልደረባቸው ሆኜ የዕድሜዬን እኩሌታ በግቢያቸው ያሳለፍኩ ነኝ። ቁጡ ነኝ፤ እሳቸውም ያውቁታል። «ሰናይት ምድጃ አያስፈልጋትም፣ በራሷ ትግላለች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ስለዚህ እዚህም እዚያም ብቆጣ ታገሡኝ።

ግቢያቸውን ለማታውቁት፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ ግርጌ ሲወጣ፣ መንገዱ ጠቦ ታክሲው ከሚዞርበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ከፊት መኖሪያቸው፣ ከጓሮ ቆርቆሮ የለበሰ የሥራ ቤት፣ ከሥራ ቤቱ ጎን ደግሞ ትንሽ መጋዘን አለ። በአጥሩ ሥር የሚያልፍ ቦይ አለ፤ ቦዩ ከተራራው ወደሚወርደው ወንዝ ይገባል። በዚያ ሥራ ቤት ስኒ፣ ሳህን፣ የአበባ ማስቀመጫና የግድግዳ ሸክላ ይሠራል። ሸክላው አንዴ ከተቃጠለ በኋላ በውሃ የተበጠበጠ ዱቄት ይቀባና ተመልሶ እሳት ይገባል። እሳት ውስጥ ቀልጦ እንደ ብርጭቆ የሚያብረቀርቀው እሱ ነው። እኛ በሙያችን ግሌዝ እንለዋለን፤ ሰፈሩ ቀለም ይለዋል። ሲያዩት ያምራል። ውስጡ ግን መዳብ አለ፣ ማንጋኒዝ አለ፣ በድሮዎቹ ውስጥ ደግሞ እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረት አለ። ሥራው ሲያልቅ ከባልዲው ሥር የሚተርፈው፣ ቀለሙ ያልተወደደው፣ የተበላሸው የት ይሄዳል? ብዙው ሸክላ ሠሪ ይህን አይጠይቅም። እትዬ ብርነሽ የኖሩት ለዚህ ጥያቄ ነው ብል አላጋነንኩም።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ብሩሼን ይዤ ወደ ቧንቧው ሳመራ ከኋላዬ ክንዴን ያዙኝ።

«ወዴት ነው፣ የኔ ልጅ?»

«ብሩሼን ላጥብ ነው።»

«እዚህ ቤት ብሩሽ ቧንቧ አያውቅም» አሉና ወደ ባልዲ መለሱኝ።

ብሩሹም፣ ወንፊቱም፣ እጃችንም ሳይቀር የሚታጠበው በባልዲ ነበር። እጣቢው ተከድኖ ይቀመጣል። ዝቃጩ ሲረጋ ከላይ የጠራው ውሃ ቀስ ተብሎ ይቀዳና ለነገ ማጠቢያ ይሆናል። ወለሉም በደረቅ መጥረጊያ አይነካም፤ አቧራውን ሳንባችን እንዳይጠጣው በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። እኔ ልጅነትም ነበረብኝና መጀመሪያ ሰሞን አንገፍግፎኝ ነበር። «እትዬ፣ ይቺ ጠብታ ምን ታመጣለች?» ብላቸው፣ «ጠብታ ብቻዋን ሄዳ አታውቅም» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። የረጋው ዝቃጭ ወደ አንድ ትልቅ በርሜል ይገለበጣል። የተረፈው ነጭ፣ የተረፈው ሰማያዊ፣ የተበላሸው ቡናማ፣ ሁሉም እዚያ ይገናኛል። በርሜሉን ሁሉአገርሽ ብለው ሰይመውታል። ጠዋት ሲገቡ «ሁሉአገርሽ እንዴት አደረች?» ይሉ ነበር፣ የምር እንደ ሰው።

ከሁሉአገርሽ የሚወጣው ቀለም በየጊዜው ሌላ ነው። አንዴ ቡናማ፣ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ስም የሌለው ነገር ይሆናል። ሁልጊዜ በትንሽ ጎድጓዳ ሸክላ ቀብተው ካቃጠሉ በኋላ ሎሚ ጨምቀውበት ያሳድሩታል። ጠዋት ሎሚው የነካው ቦታ ከደበዘዘ ያ ቀለም ምግብ ከሚነካው ዕቃ አጠገብ አይደርስም፤ ለግድግዳ ሸክላና ለአበባ ማስቀመጫ ውጭ ብቻ ይሆናል። «ሎሚ ይሉኝታ አያውቅም» ይሉን ነበር። ለሥራ የማይሆነውን ደግሞ ያደርቁትና በተሰነጠቀ ሳህን አድርገው ከሌላው ዕቃ ጋር ምድጃ ይከቱታል። ቀልጦ ድንጋይ ሆኖ ይወጣል። በሰፈራችን በየበሩ ደፍ አጠገብ የተለጠፈችው ያቺ መልኳ የማይያዝ ሸክላ የሁሉአገርሽ ናት። ደንበኛ መጥቶ «ይሄንኑ ቀለም ድገሙልኝ» ሲል ሳቃቸውን ማቆም አይችሉም ነበር።

ለምን ይህን ያህል ይደክማሉ ብሎ ለሚጠይቃቸው ወደ ታች ያሳዩ ነበር። ከግቢያቸው በታች በወንዙ ዳር አባባ ደምሴ የሚባሉ አትክልተኛ አሉ። በወንዙ ውሃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ያለማሉ። እትዬ ብርነሽ ጎመናቸውን የሚገዙት ከእሳቸው ብቻ ነበር፤ ዝናብ ቢሆን፣ ገበያው ላይ ረክሶ ቢገኝ፣ ከእሳቸው ብቻ። አንድ ቀን ምሳ ላይ አዲስ የመጣች ተማሪ ጎመኑ የወንዝ ነው ብላ ስትጠየፍ ሰሙ። «እሱን እየበላሁ ስኖር ነው ወንዙን የምጠብቀው» አሉና ራሳቸው አጎረሷት። ልጅቷ እያፈረች ጎረሰች። እኔም ፈርቼ ጎረስኩ እንጂ ጎመን አልወድም።

ደግነታቸው ግን እንዲህ በጉርሻ የሚያልቅ አልነበረም። ቢኒያም የሚባል ሌላ ሸክላ ሠሪ ከእኛ ከፍ ብሎ ሥራ ቤት ከፍቶ ነበር። ጢማም ጎረምሳ ነው፤ ሥራው ጥሩ፣ ችኮላው ክፉ። አንድ ጊዜ ያዘዘውን ቀለም ሳይወደው ቀርቶ፣ ሙሉውን ከአጥሩ ኋላ ገልብጦት ቦዩ በእኛ በር ነጭ ሆኖ ወረደ። እኔ ልብሴን ሰብስቤ ልወጣ ነበር፣ ልሰድበው። ክንዴን ያዙኝ። «ተይ፣ አንቺ ከሄድሽ ሁለተኛ ጊዜ በሌሊት ይደፋል» አሉና ባዶ ባልዲ አንጠልጥለው ብቻቸውን ወጡ። ምን እንዳሉት በኋላ እሱ ራሱ ነገረኝ። «ልጄ፣ የማትፈልገው ቀለም ካለህ እኔ እፈልገዋለሁ፤ መጥቼ እወስዳለሁ» ነው ያሉት። ሌላ ምንም። ስለ ቦዩ አንድ ቃል አላነሡም። እሱ ሲናገር አንገቱን ደፍቶ «ምነው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ተረፈ ቀለሙን በራሱ ትከሻ ተሸክሞ የሚያመጣ ሰው ሆነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ እሱ ከለቀመ በኋላ ማፍሰስ ተወ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሲያስጨንቃቸው የኖረው የሁሉአገርሽ ነገር አልነበረም። የመጋዘኑ ነበር።

እትዬ ብርነሽ በወጣትነታቸው በአንድ የሸክላ ማምረቻ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ማምረቻው ሲዘጋ ሠራተኛው ሁሉ ማስታወሻ የሚሆነውን ይዞ ወጣ፤ ማን ወንበር፣ ማን ጠረጴዛ። በግቢው ጥግ ደግሞ እርሳስ ያለባቸው የድሮ ቀለሞች በቆርቆሮና በባልዲ ሆነው ተቀምጠው ነበር፤ ገሚሱ ደርቋል፣ ገሚሱ አሁንም ውሃ ነው። ጽዳቱን የተረከበው ሰው ወንዝ ሊጥላቸው መሆኑን ሲሰሙ እትዬ ብርነሽ ጭነው ቤታቸው አመጧቸው። ጉድ በል ሸገር! ሰው ንብረት ይዞ ሲወጣ እሳቸው መርዝ ይዘው ወጡ። ዘመድ ሳቀባቸው። «ከራስ በላይ ነፋስ ነው፣ ምን አገባሽ?» ያላቸውም ነበር። እሳቸው ግን መጋዘኑን ሠርተው፣ ወለሉን ሲሚንቶ አስለብሰው፣ እያንዳንዱን ዕቃ በድርብ ከድነው አኖሩት።

እሱን ምድጃ ማስገባት አይቻልም፤ ጢሱን ጎረቤት ይተነፍሰዋል። መቅበርም አይቻልም፤ ክረምት ሲመጣ ውሃው ያገኘዋል። ያላቸው ምርጫ እንደዘጉ መጠበቅና የሚረከብ መፈለግ ነበር። ስንት ቢሮ እንደገቡ እኔ ነኝ የማውቀው፤ አብሬ ተሰልፌያለሁ። አንዱ ዘንድ «ይሄ እኛን አይመለከትም»፣ ሌላው ዘንድ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»። አንድ ደህና የለበሰ ሰውዬማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ፣ ለምን ዝም ብለው በዝናብ ቀን አይደፉትም?» አላቸው። እኔ ደሜ ፈላ። እሳቸው ጃንጥላቸውን አንሥተው «እግዜር ይስጥልኝ፣ እሱንማ ሳልጠይቅም እችል ነበር» ብለው ወጡ። ታክሲ ውስጥ ግን አለቀሱ። ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ሰናይት፣ እኔ ብሞት ይሄን ነገር ማን ይጠብቀዋል? ለልጅ አያወርሱት፣ ለቤተ ክርስቲያን አይሰጡት» አሉኝ። «እኔ አለሁ» አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል?

በመጨረሻ በዚህ ዓመት ተሳካ። ከከተማ ውጭ አደገኛ ኬሚካል ለማስወገድ ፈቃድ ያለው አንድ ፋብሪካ፣ ቢኒያም በሰው በሰው አፈላልጎ አገኘና መኪና ልከው ሊወስዱ ተስማሙ። እትዬ ብርነሽ እንደ ልጅ ፈነደቁ። በሳምንቱ ታመው ሆስፒታል ገቡ። እዚያም ሆነው ሐኪሙ ሲመጣ ስለ ሕመማቸው አይጠይቁም። ለእኔ ነበር ጥያቄያቸው፤ «መቼ ነው የሚመጡት?» ይሉኛል፣ «ይመጣሉ» እላለሁ። ሳይመጡ ዐረፉ።

«መርዝ አቅፋ ኖራ መርዙ በላት» የሚል ወሬ ሽሮ ሜዳ ድረስ መድረሱን ሰምቻለሁ። ውሸት ነው። ሐኪሞቹ የነገሩን ደም ግፊት መሆኑን ነው። እንዲያውም እንደ እሳቸው ከዚያ ነገር ራሱን የሚጠብቅ ሰው አላየሁም። ወሬውን የምታናፍሱ ሰዎች እባካችሁ አፋችሁን በሌላ ነገር ያዙት።

የለቅሶውን ቀን ነገር ለብዙዎቻችሁ አላስረዳሁም፤ አብዳለች ብላችሁ የሄዳችሁም አላችሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። መርዶው እንደተሰማ እድርተኛው ድንኳን ይዞ ደረሰ። የእድራችን ዳኛ አቶ ወርቁ ለሰው ችግር ቀድመው የሚገኙ ሰው ናቸው። ግቢው ጠባብ ነውና ከሥራ ቤቱ ደጃፍ ያለው ሁሉ እንዲነሣ አዘዙ። መጋዘኑም ለድስትና ለወንበር ማስቀመጫ ይሁን ተብሎ ተከፈተ። ያን ቀን የውሃ ፈረቃው የሰፈራችን አልነበረም፤ ሴቶቹ ከሩቅ ለሚቀዳው ውሃ ማጠራቀሚያ ይፈልጋሉ። ባለክዳን ባልዲ ደግሞ መጋዘኑን ሞልቶታል። ቆሻሻ ውሃ መሰላቸው። ለሐዘንተኛ ቤት ደግ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረጉት፦ ባልዲውን ደፍቶ አጥቦ ለለቅሶተኛው ውሃ መሙላት።

እኔ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ነበር። ክዳን ሲላቀቅ ሰማሁ። ወጥቼ ሳይ አንድ ጎልማሳ ባልዲውን ታቅፎ ቦዩ አፍ ላይ ደርሷል። ባዶ እግሬን ሮጥኩ። «አይደፋም! አይደፋም ብያለሁ!» ብዬ ጮኽኩና ባልዲው ላይ ተጠመጠምኩ።

ለቅሶ ቤት ውስጥ መጮህ ምን እንደሚያስከትል ዘንግቼው ነበር። ከበር የሚገቡት ሴቶች ሐዘን የገነፈለብኝ መሰላቸውና ተቀበሉኝ። «ወይኔ ብርነሽ!» ብላ አንዷ ደረቷን ስትመታ ሌላዋ ተከተለች፤ ግቢው በአንድ አፍታ ተናወጠ። እኔ ባልዲውን አልለቅም እላለሁ፣ እነሱ ክንዴን ይዘው «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይሉኛል። «የእጃቸው ሥራ ሆኖባት ነው፣ አንጀቴን በላችው» ትላለች አንዷ። በጮኽኩ ቁጥር ለቅሶው ይብሳል። አቶ ወርቁም እንባቸውን እየጠረጉ፣ «በሉ ልጅቷን ወደ ቤት አስገቧት፤ እኛ እናነሣዋለን» አሉ። እናነሣዋለን ማለታቸው እንደፋዋለን ማለት መሆኑን አውቄ ባልዲውን የባሰ አቀፍኩት።

በዚህ መሐል አባባ ደምሴ ለለቅሶው ከታች መጡ፤ ለሐዘንተኛው ቤት ጎመን በትከሻቸው ይዘዋል። ባልዲዎቹን አዩ፣ ቦዩን አዩ፣ እኔን አዩ። ጎመኑን መሬት አኖሩ። ክዳኑን ከወደቀበት አንሥተው ባልዲው ላይ አጥብቀው ገጠሙና ተቀመጡበት።

«ወርቁ፣ እኔ እዚህ ተቀምጬ ነው የማለቅሰው። ድንኳንህን ወዲያ ትከለው።»

«ምነው አባባ፣ ምን ሆኑ?» አሉ አቶ ወርቁ።

«ይሄ ከተደፋ ዛሬውኑ እኔ ማሳ ነው የሚደርሰው። ብርነሽ ዕድሜዋን ሙሉ ወደ እኔ አላሳለፈችውም። በለቅሶዋ ቀን እናሳልፈው?»

ለቅሶው ቆመ። አቶ ወርቁ ባልዲውን፣ ከዚያ የገዛ እጃቸውን ተመለከቱ። «እኔ ምን አውቄ» አሉ ቀስ ብለው፤ ወዲያው ወደ ጎረምሶቹ ዞረው ካስማውን አስነቀሉ። ድንኳኑ ገሚሱ በግቢ፣ ገሚሱ በመንገድ ላይ ተተከለ። ታክሲ በመጣ ቁጥር ገመዱ እየተነሣ ነበር የሚያልፈው። ቢኒያም ደርሶ ክዳኖቹን አንድ በአንድ ፈተሸ፤ ሁሉም ወደ መጋዘኑ ተመለሰ። ድስቱና ወንበሩ ጎረቤት አደረ። ጠብታ እንዳልፈሰሰ ቦዩ ዳር ተንበርክኬ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ነው በደንብ ያለቀስኩት።

ከሰልስቱ በኋላ ባለው ሳምንት መኪናው መጣ። የሚጭኑ ሰዎች ይዘው መጥተው ነበር፤ ቢሆንም አቶ ወርቁ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አስመጥተው «ዛሬ ቀባሪዎቿ እኛ ነን» ብለው ከፊት ቆሙ። እድርተኛው ተራ ገብቶ፣ አስከሬን በሚያነሣበት ጥንቃቄ፣ ባልዲውንና ቆርቆሮውን ከእጅ ወደ እጅ አሻገረ። አባባ ደምሴ በሩ ላይ ቆመው መኪናው እስኪታጠፍ ተመለከቱ። ከዚያ ወደ ማሳቸው ወረዱ።

እትዬ፣ እንግዲህ እርስዎን ልሰናበት። በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን በደንብ አላመሰገንኩዎትም፤ እርስዎም ጊዜ አይሰጡም ነበር፣ ምስጋና ሲጀመር ሥራ ያዛሉ። እንደ እርስዎ ለማያውቁት ሰው ምሳ የሚጨነቅ ከየት ይገኛል? ሰው የሚታይ ነገር ትቶ ሲያልፍ ይመሰገናል። እርስዎ ያቆዩልን ግን ሳይሆን የቀረ ነገር ነው፤ ያልታመመ ልጅ፣ ያልተመረዘ ጎመን። ማንም አያየውም። እኔ አይቼዋለሁ።

ይመጣሉ ያልኩዎት መጡ። ሁሉንም ወሰዱት። ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት፤ የመጋዘኑን በር ግን አልዘጋሁትም፣ ዛሬ ማንም ልጅ ሮጦ ቢገባበት የሚያሰጋ ነገር የለም። በሰላም ይረፉ፣ እትዬ ብርነሽ፤ ከእንግዲህ የሚጠብቁት ነገር የለም።